ፀረ-አረም የሚቋቋም ስንዴ

ፀረ-አረም የሚቋቋም ስንዴ የሚባለው፣ አረሙን የሚያደርቅ መድኃኒት ተረጭቶበት እሱ ግን ምንም ሳይሆን የሚያድግ ስንዴ ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ከስንዴ ለይቶ መምታት ብዙም አያስቸግርም። ሲናርና እንክርዳድ ግን እንደ ስንዴው የሣር ወገን ናቸው። ብዙው የሣር መድኃኒት ሲረጭ ስንዴውም አብሮ ይሞታል።

አዳቃዮች ያገኙት መላ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ዘሩ እንደ ሶዲየም አዛይድ ባለ ኬሚካል ይነከራል። ኬሚካሉ የስንዴውን ዘረመል እዚህም እዚያም ይነካካል። የተነከረው ይዘራና ዘር ይሰበሰብለታል። ከዚያ የተገኘው ቡቃያ ላይ መድኃኒቱ ይረጫል። ሌላው ሁሉ ገርጥቶ ሲሞት፣ አንዳንዴ አንዲት ቡቃያ አረንጓዴ እንደሆነች ትቀራለች። የተለፋው ለእሷ ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኤፍኤስ4 የተባለ ስንዴ የተገኘው በዚህ መንገድ፣ ፊዴል ከተባለ የፈረንሳይ ስንዴ ነው። (ከኛ ፊደል ጋር ዝምድና የለውም።) ኢሚዳዞሊኖን የሚባሉት መድኃኒቶች ተክሉ ቫሊን፣ ሊዩሲንና አይሶሊዩሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶችን (የፕሮቲን መሥሪያዎችን) የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳሉ። በኤፍኤስ4 ኢንዛይም ላይ ሴሪን የተባለ አንድ አሚኖ አሲድ በሌላ፣ በአስፓራጂን ተተክቷል። በቃ፣ መድኃኒቱ መያዣ አጣ። ክሊርፊልድ በሚል ስም ከሚሸጡት ዝርያዎች የብዙዎቹ መነሻ ይኸው ነው።

የዳቦ ስንዴ ኤ፣ ቢና ዲ የሚባሉ ሦስት የዘረመል ስብስቦች አሉት። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ዘረመል በየስብስቡ ቅጂ አለው። አንዱ ቅጂ ብቻ ሲለወጥ ጥንካሬው ከፊል ነው፤ ሁለት ሲሆን ይጨምራል። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተገኘውና ኩዊዛሎፎፕ የተባለውን የሣር መድኃኒት የሚቋቋመው ኮአክሲየም ስንዴም በሁለት ቅጂ ላይ የቆመ ነው።

ይህ ሁሉ ከውጭ ዘረመል ሳይገባ የተሠራ ነው። ልውጥ ሕያው (ጂኤምኦ) ይባል አይባል የሚለው ያከራክራል፤ ካናዳ ለምሳሌ አዲስ ባሕርይ ያለው ተክል ብላ ትመረምረዋለች።

ዘረመል በማስገባትም ተሞክሯል። የአሜሪካው ኩባንያ ሞንሳንቶ ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ-አረም የሚቋቋም ስንዴውን በ2004 እ.ኤ.አ. ከገበያ ዕቅዱ አወጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ያው ስንዴ በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ውስጥ አንድ ማሳ ላይ በቅሎ ተገኘ። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ግዢያቸውን ለጊዜው አቆሙ።

ለአዳቃዮች የቀረው ራስ ምታት ኤጂሎፕስ ሲሊንድሪካ የተባለው የስንዴ የዱር ዘመድ ነው። ማሳ ውስጥ አረም ሆኖ ይበቅላል፤ ከስንዴም ጋር ይዳቀላል። የሚጋሩት ዲ የተባለውን ስብስብ ነው። የኤፍኤስ4 ለውጥም ያለው እዚያው ዲ ላይ ስለሆነ፣ ጥንካሬው ወደ አረሙ ሊሻገር ይችላል።