ኦርክኒ፦ በወለድ አገድ ተይዘው የቀሩ ደሴቶች

እ.ኤ.አ. በ1468 የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ቀዳማዊ ክርስቲያን ልጁን ማርግሬትን ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለሳልሳዊ ጄምስ ሊድር ተዋዋለ። እዚያ ጥሎሹን የሚከፍለው የሴቷ ወገን ነው። አባት ግን እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ኦርክኒ የሚባሉትን ደሴቶች የ50,000 ፍሎሪን መያዣ አድርጎ ሰጠ፤ በኋላ ከፍዬ አስለቅቃለሁ ብሎ። አልከፈለም። በ1472 ስኮትላንድ ደሴቶቹን ጠቅልላ ወሰደች። እኛ ወለድ አገድ የምንለው ዓይነት ነገር ነው፤ ባለዕዳው ሳይመለስ አበዳሪው እያረሰ ቀረ።

ኦርክኒ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ማዶ ያለች ናት። ወደ 70 ደሴቶች ናቸው፤ ሰው የሚኖረው በ20ዎቹ ገደማ ብቻ ነው። የሕዝቡ ቁጥር 22,000 አካባቢ ነው። በሰኔ ፀሐይ 18 ሰዓት ያህል ትቆያለች፣ በታኅሣሥ ደግሞ 6 ሰዓት ብቻ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ሰዎቹ ስኮትላንዳዊ ከመባል ኦርካዲያን መባል ይቀናቸዋል። "ሜይንላንድ" ሲሉም ዋናውን የስኮትላንድ ምድር ሳይሆን የራሳቸውን ትልቅ ደሴት ማለታቸው ነው። የዋና ከተማቸው የከርክዎል ስም እንኳ ከቫይኪንጎች፣ ከጥንቶቹ የስካንዲናቪያ ባሕረኞች፣ ቋንቋ የመጣ ነው፤ "የቤተ ክርስቲያን ወሽመጥ" ማለት ነው።

የቫይኪንጎቹ ታሪክ ግን እዚያ እንደ ትናንት ይቆጠራል። በ1850 ክረምት ከባድ ማዕበል መጥቶ የአንዱን የባሕር ዳርቻ አሸዋ ገፈፈው። ከሥሩ መንደር ወጣ። ስካራ ብሬይ ይባላል። ሰው ይኖርበት የነበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3180 እስከ 2500 ገደማ ነው፤ መጀመሪያ ሲቆረቆር የጊዛ ፒራሚዶች ገና አልተሠሩም። የሚገርመው ግን ዕድሜው ብቻ አይደለም። ጣሪያው የለም እንጂ የቤቱ ዕቃ እንዳለ ነው። እንጨት ስላልነበረ ሁሉን ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሠርተውታል። መሐል ላይ ምድጃ አለ። ግራና ቀኝ እንደ መደብ ያለ የድንጋይ አልጋ አለ። ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ መደርደሪያ ቆሟል፤ የገባ ሰው ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት እሱ ላይ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ብርጭቆና ሰሃን ደርድረን የምናቆመው ቡፌ ማለት ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው በዚሁ አሠራር ይመሳሰላሉ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሜስሃው የሚባለው የመቃብር ጉብታ አለ። በታኅሣሥ፣ ቀኑ እጅግ ባጠረበት ሰሞን፣ የምትጠልቀው ፀሐይ በጠባቡ መግቢያ ሰተት ብላ ገብታ የውስጠኛውን ግድግዳ ታበራዋለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቫይኪንጎች ገብተውበት በራሳቸው ፊደል 30 ያህል ጽሑፎች ቀርጸዋል። ትልቅ ነገር ጽፈዋል ብለህ እንዳትጠብቅ። አንዱ እከሌ ይህን ጻፈ ይላል፣ ሌላው ስለ ተደበቀ ሀብት ያወራል፣ አንዱ ደግሞ የአንዲትን ሴት ውበት ያደንቃል። ያው የታክሲ ወንበር ጀርባ ላይ የሚጻፈው ዓይነት ነው።

አካባቢው የቆሙ ድንጋዮች አገር ነው። የብሮድጋር ክበብ ብቻ መጀመሪያ 60 ያህል ድንጋዮች ነበሩት ተብሎ ይታመናል። በአካባቢው ከነበሩት ሌሎች ድንጋዮች አንዱ ግን ዛሬ የለም። የኦዲን ድንጋይ ይባል ነበር፣ መሐሉ ቀዳዳ ነው። ፍቅረኛሞች በቀዳዳው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቃል ይገቡበት ነበር። በ1814 ከደሴቶቹ ውጭ የመጣ አንድ ጭሰኛ፣ ሰው እየመጣ ማሳዬን ረገጠብኝ ብሎ ሰባበረው። የአገሬው ሰው እጅግ ተቆጣ፤ ሁለት ጊዜ ቤቱን ሊያቃጥሉበት ሞክረዋል። እውነት ለመናገር አይፈረድባቸውም።

ተረታቸው ከባሕር አይርቅም። ዋናዋ ባለ ታሪክ አቆስጣ ናት፤ በኦሪት ዘጸአት ቁርበቷ ለድንኳኑ የተፈለገችው እንስሳ። ሴልኪ የሚሏት አቆስጣ ቁርበቷን አውልቃ ቆንጆ ሴት ሆና ዳርቻው ላይ ትጫወታለች። አንድ ወንድ ቁርበቱን ይሰርቃትና ያገባታል። ልጆች ትወልድለታለች። አንድ ቀን ቁርበቷን ከተደበቀበት ታገኘዋለች፤ ለብሳው ወደ ባሕሯ ትመለሳለች።

ምግቡን ለሐበሻ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ገብስ ነው። "ቤር" የሚሉት ባለ ስድስት ረድፍ ጥንታዊ ገብስ አላቸው፤ በ90 ቀን ይደርሳል ይባልለታል። አጭሩ በጋ ሳያልቅበት ይታጨዳል። በርሴይ ያለው ባሮኒ የሚባለው ወፍጮ ዛሬም በውኃ ኃይል ይፈጨዋል። እህሉ ከመፈጨቱ በፊት በእሳት ስለሚደርቅ ዱቄቱ በሶ በሶ ይሸታል። ከዱቄቱ ወፈር ያለ ቂጣ ምጣድ ላይ ይጋግራሉ፤ በቅቤና በአይብ ይበላል።

በጎቻቸው ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ኖርዝ ሮናልድሴይ በተባለችው ደሴት በ1832 ዙሪያውን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የድንጋይ ካብ ተሠራ። ካቡ በጎቹን ከውስጥ አይዘጋም፣ ከውጭ ያስቀራቸዋል። ሣሩ ለሌላ ከብት ተብሎ በጎቹ ወደ ባሕሩ ዳር ተባረሩ። እነሱም የባሕር አረም መብላት ለመዱ። ሆዳቸው ይህን ምግብ ከመልመዱ የተነሣ ሣር ብቻ ቢበሉ ውስጡ ያለው መዳብ ሊመርዛቸው ይችላል።

ወደ ኦርክኒ የሚሄድ ሰው ከስክራብስተር ወደብ በጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ላም ሆልም በምትባለው ደሴት ላይ ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሳያይ ባይመለስ ደግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ምርኮኞች ከሁለት የቆርቆሮ ሰፈር ቤቶች የሠሯት ናት፤ ፋኖሶቿ ከሥጋ ቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። ጊዜ ከተረፈው ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ ይብረር። መንገዱ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ ይህ ነው።

ያ ዕዳስ? የዴንማርክ ነገሥታት በኋላ ከፍለን እናስለቅቅ ብለው ደጋግመው ጠይቀዋል፣ እሺ ያላቸው አልተገኘም። በጁላይ 2023 ደግሞ የደሴቶቹ ምክር ቤት የወደፊት የአስተዳደር አማራጮች ይጠኑ ብሎ ድምፅ ሰጠ። በክርክሩ ላይ የኖርዌይ ስም እንደገና ተነሣ።