ዋዝ 469፦ አሮጌውን የጦር መኪና መግዛትና ይዞ ማቆየት

ዋዝ 469 ቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኡሊያኖቭስክ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1972 መጨረሻ ጀምሮ የተመረተ የሶቪየት ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ነው። ጋዝ 69 የተባለውን የቀድሞ የሶቪየት መኪና ተክቶ የመጣ ሲሆን፣ ሰባት ሰው ከ100 ኪሎ ዕቃ ጋር ወይም ሁለት ሰው ከ600 ኪሎ ጋር እንዲጭን ታስቦ ተሠራ። በ1985 ሲሻሻል ወታደራዊው 3151፣ የሲቪሉ 31512 ተባለ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬም አልፎ አልፎ መንገድ ላይም ጋራዥ ውስጥም ይታያል።

ገዢ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ኮፈኑን ያስከፍታል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ከሥር ያለው ነው። ሞተሩ የትም ጋራዥ ይታደሳል፤ የበሰበሰ ሻንሲና የተበላ ዲፈረንሻል ግን መኪናውን ከነዋጋው ይዞት ይሄዳል።

ዋዝ 469 ሲባል ሁለት የተለያዩ መኪኖች አሉ። ወታደራዊው በአራቱም ጎማዎች በኩል የራሱ የማርሽ ሳጥን (ሪዳክተር) አለው። በዚህ የተነሳ አክሱሉ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ የዲፈረንሻሉ ቤትም አነስ ይላል፤ ከመሬት ያለው ክፍተት 300 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሲቪሉ 469ቢ ሪዳክተር የለውም፤ ክፍተቱም 220 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጭ «የጦር ነው» ካለ ከጎማው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል፤ አረንጓዴ ቀለም ምንም አያረጋግጥም። በሥራ ዘመኑ አክሱሉ የተቀየረበት መኪና ስለሚያጋጥም የፊቱንም የኋላውንም ማየት ያስፈልጋል። የወታደራዊው አክስል ጠቅላላ የማርሽ ምጣኔ (ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ የሚዞረው ብዛት) 5.38፣ የሲቪሉ 5.125 ነው። አንዱን ከሌላው ያዳቀለ ሰው ፎር ዊሉን ሲያስገባ የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት ለመዞር ስለሚታገሉ ማከፋፈያው (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) እና ክሮቸራው (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ይሰቃያሉ።

የሪዳክተሩ ድካም ያለው በዘይቱ ማነስ ነው። እያንዳንዱ የሚይዘው 0.3 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ የሚያንጠባጥብ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማተሚያ ጎማ) በጥቂት ሳምንት ያደርቀዋል፤ ከዚያ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ይቃጠላል፣ ጥርሱም ይበላል። ዘይቱ ወደ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ታምቡሮው (የፍሬኑ ከበሮ) ውስጥ ይገባና ፍሬኑን ያንሸራትታል። ጎማው በውስጥ በኩል በዘይት የረጠበ ከሆነ ታምቡሮውን ማስከፈት ግድ ነው። ሪዳክተር ያለው አክስል በተፈጥሮው ያፏጫል፤ ያ አያስፈራም። የሚያስፈራው ጋዝ ሲለቀቅ የሚለወጥ ጩኸትና የማንኳኳት ድምፅ ነው።

የፊት ጎማን በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ብዙ ይናገራል። ጎማው ከተነቃነቀ ረዳት ፍሬን ይርገጥ፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ ችግሩ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ጎማው አሁንም የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ፒን ተበልቷል። የመጀመሪያው ዳዶ አጥብቆ ማስተካከልን ይጠይቃል። ሁለተኛው ሥሥ ቆርቆሮዎችን (ስፔሶር) በመቀነስ ይታገሣል፣ ካልሆነም ፒኑ ይቀየራል። ይህ ሳይደረግ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሻንሲው የሚበሰብሰው ባሌስትራ (የመኪናው ተደራራቢ ስፕሪንግ) በሚታሰርባቸው ቦታዎችና በመስቀለኛ ብረቶቹ ዙሪያ ነው፤ ላሜራው ደግሞ ከፊት ፓራፋንጎ ጀርባ፣ በእግር ማሳረፊያው ወለልና በባትሪው ሥር። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ መጫን እንጂ ማየት አይበቃም፤ ስቱኮና ትኩስ ቀለም ያታልላሉ። ሁለቱ የነዳጅ ታንኮች እያንዳንዳቸው 39 ሊትር ይይዛሉ፤ ግራና ቀኝ ከወንበሮቹ ሥር ናቸው። ዓመታት የቆመ መኪና ላይ ውስጣቸው ይዝጋል፣ ዝገቱም እየመጣ ካርቡራቶሩን ይደፍናል። በአንደኛው ታንክ ብቻ የሚሠራ መኪና «ማቀያየሪያው ነው የተበላሸው» ተብሎ ቢሸጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ታንክ ተበስቷል ማለት ነው።

ሞተሩ ቮልጋ ጋዝ 21 ከተባለው የሶቪየት የቤት መኪና የተወረሰ ነው፦ አራት ሲሊንደር፣ 2.445 ሊትር፣ 75 የፈረስ ጉልበት። የመጭመቅ ምጣኔው 6.7 ብቻ ስለሆነ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ቤንዚን ይበቃዋል። ብሎኩ አሉሚኒየም ሲሆን ካኒያዎቹ (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ውኃ ውስጥ የሚቀመጡ ተነቃይ ናቸው፤ ሲበሉ ብሎክ መጥረብ ሳያስፈልግ ካኒያ፣ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) በአንድ ላይ ይቀየራል። ጸረ ዝገት የሌለው ተራ ውኃ ከተሞላበት ግን አሉሚኒየሙ ይበላና ውኃ ከሥር ወደ ዘይት ይገባል። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ አረፋ ከታየ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሞተሩን ማስፈታት ይገባል። ከፍሪሲዮን ቤት ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ይጠበቃል፤ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የኋላ ማተሚያ ገመድ ነውና። እሱን ብሎ ሞተር ማስወረድ አይመከርም፤ ለፍሪሲዮን ወይም ለእድሳት ሲወርድ አብሮ ይሠራል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ሲለካ የቦታው ከፍታ መታሰብ አለበት። በባሕር ጠለል 7 ወይም 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 6 ገደማ ያሳያል፤ አየሩ ሥሥ ነውና። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቁጥር ብቻ «ሞቷል» የተባሉ ደህና ሞተሮች አሉ። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 ባር የበለጠ ልዩነት አለመኖሩ ነው። በዚያው ምክንያት ጉልበቱ በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል፣ ካርቡራቶሩም ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው (እሳት የሚያነሣው) ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑን መቀነስ ነው።

ለማቀጣጠያው የሚያስፈልጉ ልኮች፦ የፑንቲና (የዲስትሪቢውተሩ መገናኛ) ክፍተት 0.35–0.45፣ የካንዴላ 0.8–0.95 ሚሊ ሜትር። ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ቅደም ተከተል 1-2-4-3 ነው፤ በለመደው 1-3-4-2 የሚያስር መካኒክ ሞተሩን ያስነጥሰዋል። የሞተር ዘይት 5.8 ሊትር ይገባል። የነዳጅ ወጪው በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ መሆኑንም ገዢ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የቀድሞዎቹ ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከ1985 በኋላ የመጡት ሁለት መስመርና አጋዥ አላቸው። በእንጦጦ ወይም በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም ውበት ይበልጣል፤ የድሮውን የገዛ ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ቢቀይር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ፈላጊ የሚያተኩረው አገር ውስጥ ባለው ላይ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከመንግሥት የወጣ ከሆነም የጨረታው ሽያጭ ሰነድ ይጠየቃል፤ ሰነድ የሌለው የጦር መኪና በርካሽም አይገዛም። ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ይጀመራል፤ የሪዳክተር ዕቃ ግን በቀላሉ ስለማይገኝ ያገኘ ሰው ሁለት ቢገዛ አይጸጸትም።

አነዳዱም የራሱ ሕግ አለው። ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት አይገባም። ረጅም የአስፋልት ጉዞ ካለ በፊት ጎማዎች መሐል ያለው ክዳን ይፈታና ውስጡ ያለው ቡሎን፣ ምልክት የሆነው ቀለበታዊ ጭረቱ ከጠርዙ እኩል እስኪሆን ድረስ ይፈታል፤ ያኔ የፊት አክስል ሳይዞር ይቀመጣል። ሁለቱም ጎማ እኩል መለቀቅ አለበት። ጭቃ ከመግባት በፊት መልሶ ማጥበቅ፣ ከጥልቅ ውኃ ከወጡ በኋላ ደግሞ የአራቱን ሪዳክተር ዘይት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ከነጣ በዚያው ቀን ይቀየራል።