ታሚ ታክ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታሚ ታክ የሚባለው ከእምብርት በታች የተንጠለጠለውን ትርፍ ቆዳ ከሥሩ ካለው ስብ ጋር ቆርጦ ማውጣት፣ በእርግዝና የተራራቁትን የሆድ ጡንቻዎች በክር ወደ መሃል መስፋት፣ የቀረውን ቆዳ ወደ ታች ስቦ መግጠም ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ የሚሠራ፣ ሰዓታት የሚወስድ ትልቅ ቀዶ ጥገና ነው። ቆርጦ መስፋቱ የሐኪሙ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን የታካሚዋና የቤተሰቧ ናቸው፤ ብዙ ነገር የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ችግሩ፣ ቡና ላይ የሚሰጠው ምክር ለአራስ የተለመደውን እንክብካቤ እንዳለ ወደዚህ ቁስል ያመጣዋል። ለአራስ የኖረው ወግ ደግሞ እዚህ ላይ ሊጎዳ ይችላል።

«ቦርጭ ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መክሳት ነው»

ቦርጭ ሁለት ዓይነት ነው። በጣት ቆንጥጠው የሚይዙት ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው፤ ሐኪሙ የሚያወጣው ይህን ነው። ሌላው ከጡንቻው ጀርባ፣ አንጀትን ከቦ የተቀመጠው ነው። ሆዱ ወደ ፊት ተወጥሮ ሲጫኑት ጠንከር የሚል ከሆነ አብዛኛው ስብ እዚያ ነው፤ ታሚ ታክም አይነካውም። እንዲያውም ውስጡ በስብ የሞላ ሆድ ላይ ጡንቻውን አጥብቆ መስፋት ክሩን ያስጨንቀዋል፣ ትንፋሽም ያሳጥራል። ሚዛን ላይ የሚቀንሰውም ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ክብደት ይቀነሳል፤ ከዚያ ቢያንስ ለ6 ወር ሳይወጣ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ኪሎውን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት የሚመጣው ቁጥር ከ30 በታች ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነች ሴት ቁጥሯ 27 ገደማ ነው።

«መቀነት ጠበቅ አድርጎ ማሰር ጡንቻውን ይመልሰዋል»

መቀነት ወገብን ይደግፋል፤ የተለጠጠውን የመሃል ጅማት ግን አያሳጥርም። ጡንቻው መራራቁን እቤት ማየት ይቻላል፦ በጀርባ ተኝተው፣ ጉልበት አጥፈው፣ ራስን ብቻ ከትራስ ቀና አድርገው ከእምብርት ከፍ ብሎ ባለው መስመር ላይ ጣቶችን መጫን ነው። ከሁለት ጣት በላይ የሚያሰምጥ ክፍተት ካለ ተራርቋል። ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት በፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ብዙ ሊሻሻል ስለሚችል ወደ ቢላ አይቸኮልም። እምብርት ላይ የሚያብጥና ሲጫኑት የሚመለስ ነገር ካለ ደግሞ የእምብርት ቡአ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ ይነገር።

«በኦፕራሲዮን ስወልድ አብሮ ይሠራልኛል»

አይሠራም፤ መሠራትም የለበትም። በዚያ ቀን ማሕፀኑ ገና ትልቅ ነው፣ ቆዳው በውሃ አብጧል፤ ምን ያህሉ ትርፍ እንደሆነ መለካት አይቻልም። የደም መፍሰስና የደም መርጋት አደጋውም ከፍ ይላል። ከወለዱ ቢያንስ 6 ወር፣ ጡት ካስጣሉም ጥቂት ወራት ይቆያል። ሌላ ልጅ የምታስብ እናት ብትጠብቅ ይሻላታል። በኋላ ብታረግዝ ጽንሱን አይጎዳም፤ የተሰፋው ግን መልሶ ሊላላ ይችላል።

«ዝግጅቱ ምርመራና ገንዘብ ነው»

ዋናው ዝግጅት ከወር በላይ ቀድሞ ይጀምራል። ሲጋራም ሺሻም ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት መቆም፣ በኋላም ለ4 ሳምንት አለመነካት አለባቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ታች የተሳበው ቆዳ ደም የሚያገኘው ከጎንና ከላይ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ጫፍ፣ ከብልት በላይ ያለው የስፌቱ መሃል፣ ከሁሉም ያነሰ ደም ይደርሰዋል። ኒኮቲን ሥሮቹን ሲያጠብብ ያ ቦታ ይጠቁርና ይሞታል፤ ቁስሉም ይከፈታል። ጫትም ዝም ተብሎ አይታለፍም። የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሥር ያጠብባል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። የሚቃም ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው በግልጽ ይንገር። ማፈር አያስፈልግም፤ መደበቅ ግን ማደንዘዣውን አደገኛ ያደርገዋል።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፊንና ዳይክሎፌናክ ደም ስለሚያቀጥኑ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ቀድመው ይቆማሉ። አስፕሪን ለልብ የታዘዘለት ሰው ግን ያዘዘውን ሐኪም ሳይጠይቅ አያቁም። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በወጥ ውስጥ ችግር የላቸውም፤ እንደ መድኃኒት በብዛት ወይም በዘይት መልክ የሚወሰዱ ከሆነ ግን ለሐኪም ይነገሩ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የደም መርጋትን ስለሚያባብስ ከ4 ሳምንት በፊት በሌላ መተካቱን ይጠይቁ።

ለደሴ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ በደጋ የሚኖር ሰው ደግሞ ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ በዴሲ ሊትር 12 ግራም ሄሞግሎቢን ቆላ ለምትኖር ሴት በቂ ቢባልም፣ ደሴ ለኖረች ሴት የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል። የአይረን እንክብል ደምን ለማንሳት ሳምንታት ስለሚወስድ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ ቢደረግ ጊዜ ይኖራል።

«ከዋዜማው ጀምሮ ውሃም አይቀመስም»

ምግብ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ቅቤና ሥጋ የበዛበት ከሆነ ከ8 ሰዓት በፊት ይቆማል። ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ወይም ቡና ግን ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀር በትንሹ ይፈቀዳል፤ ሆስፒታሉ ሌላ ካዘዘ የእሱን ይከተሉ። ወተት እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። ሌሊቱን ሙሉ ተጠምቶ መግባት ራስ ምታትና ድካም እንጂ ጥቅም የለውም።

«እንደ አራስ ተኝታ ትታረስ»

ከሁሉም የሚያሳስበን ይህ ነው። ከውበት ቀዶ ጥገናዎች መካከል ታሚ ታክ የደም መርጋት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሆዱ ተወጥሮ ተሰፍቷል፣ በሆድ መደገፊያ ቀበቶ ታስሯል፣ ጉልበት ታጥፏል፤ የእግር ደም ወደ ልብ መመለስ ይከብደዋል። ከዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ መተኛት ሲጨመር ደሙ ባት ውስጥ ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ደግሞ ይገድላል። ይህ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ፣ ቤተሰብ «በቃ ዳነች» ብሎ በተረጋጋበት ሰሞን ነው።

ስለዚህ በዚያው ቀን ማታ ወይም በማግስቱ ጠዋት በሰው ድጋፍ መነሳት ግድ ነው። ከዚያ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ክፍል ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል መመላለስ፤ ተኝተውም የእግርን መዳፍ ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ማንቀሳቀስ። ደም የሚያቀጥን መርፌ ከታዘዘ አንድ ቀን አይዘለል። አንደኛው ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ለነገ አይባልም። ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ የሠራውን ሐኪም ደውሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ደሴ ሪፈራል) ድንገተኛ ክፍል ወይም አቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ።

«ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ አለዚያ ጎብጠሽ ትቀሪያለሽ»

በመጀመሪያው ሳምንት ጎንበስ ብሎ መሄድ ትክክለኛው አካሄድ ነው፤ ስፌቱ እንዳይወጠር ያደርጋል። እንደ ሕመሙ እየተቃኑ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ቀጥ ይባላል። አተኛኘቱም እንዲሁ ነው፦ በጀርባ፣ ከወገብ በላይ በሁለት ሦስት ትራስ ከፍ ብሎ፣ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ። ሲነሱ በሆድ ጉልበት ሳይሆን በጎን ተገልብጦ፣ እግርን አውርዶ፣ በክንድ ተደግፎ ነው። የደሴ ብርድ ሳል ካመጣ ትራስ በሁለት እጅ ሆድ ላይ ደግፎ መሳል። ቀዶ ጥገናው ሳይደረግ ጉንፋን ከያዘ ቀጠሮውን ማዘዋወር ይሻላል።

ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት መሃሉ የተቆረጠ ወንበር ያሠሩ። ቁጢጥ ማለቱም፣ በድርቀት ማማጡም አዲሱን የጡንቻ ስፌት ይጎትተዋል። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጡት ትራማዶልና ኮዴይን ሆድ ያደርቃሉ፤ ውሃ፣ ፓፓያ፣ ካስፈለገም ሐኪም ያዘዘው ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ኮሶና ሌላ ጠራጊ ግን በፍጹም።

«ቱቦው ስለሚያስጠላ ቶሎ ይውጣ»

ብዙ ሐኪሞች ከስፌቱ በታች አንድ ወይም ሁለት የፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ያስቀምጣሉ፤ ጫፉ ላይ በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ ፊኛ አለ። ፊኛው የሚስበው ተጨምቆ አየሩ ወጥቶ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ተነፍቶ ከተንጠለጠለ ምንም አይሠራም። በቀን ሁለቴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ ክዳኑን መክፈት፣ ፈሳሹን ሚሊ ሊትር ምልክት ባለው ኩባያ ለክቶ መጻፍ፣ ፊኛውን ጨምቆ መልሶ መዝጋት ነው። ከሁለት ቱቦ የወጣው ለየብቻ ይጻፋል። ቀለሙ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ መሄድ አለበት። በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ለሁለት ተከታታይ ቀን ሲሆን ቱቦው ይወጣል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። ቀድሞ ከወጣ ውሃው በቆዳና በጡንቻ መካከል ይጠራቀማል፤ ሲነኩት እንደ ማዕበል ይንቀሳቀሳል፤ በሐኪም መርፌ መቀዳት ይኖርበታል። ፊኛው በድንገት ደጋግሞ በደማቅ ደም ከሞላ፣ ወይም ሆድ በአንድ ወገን ካበጠና ከጠነከረ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነውና ወዲያው ሆስፒታል።

«ቀበቶው በጠበቀ ቁጥር ሆዱ ይገባል»

ቀበቶው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል፤ ከሥሩ የእጅ መዳፍ ዘርጋ ብሎ መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከጠበቀ የቆዳውን ደም ያግዳል። መቀነት ወይም ነጠላ አይተካውም፤ እጥፋቱ ቆዳ ላይ ሰምጦ ሊያቆስል ይችላል።

«ወይባ ብትሞቅ ይደርቅላታል»

የሆድ ቆዳ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለወራት ይደነዝዛል፤ ትኩስ ነገር ሲያቃጥል አይሰማም። ወይባም ሆነ ሌላ ጢስ፣ የተሞቀ ጨርቅ፣ የሞቀ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ሆዱን አቃጥሎ የሚታወቀው ውሃ ሲቋጥር ነው። የካፕሱል ዱቄት ስፌት ላይ መነስነስም የተለመደ ጥፋት ነው። መድኃኒቱ እንዲዋጥ እንጂ ቁስል ላይ እንዲበተን አልተሠራም፤ ቅርፊት ሠርቶ መግሉን ከሥር ይደብቃል። ቅቤ፣ ማር፣ ፌጦ ሁሉም ይቆዩ። ስፌቱ ንጹህና ደረቅ ከሆነ በራሱ ይደርቃል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ ቅላት፣ የሚሸት ፈሳሽ ከታየ ግን ሐኪም ይየው።

«በሦስተኛው ቀን ደሴ እንገባለን»

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል መንገድ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ደም እንዲረጋ መጋበዝ ነው። ቱቦው ወጥቶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳምንት ገደማ፣ እዚያው ዘመድ ቤት መቆየት ይታሰብ። ወጪውን ከመጀመሪያው መያዝ ነው። በረራ ካለ እስከ ኮምቦልቻ ይሻላል። በመኪና ከሆነ በየሰዓቱ እየወረዱ መራመድ፦ ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ። የመኪናው የደህንነት ቀበቶ በቀጥታ ስፌቱ ላይ ስለሚያርፍ በመካከል የታጠፈ ፎጣ ይደረግ፤ ቀበቶውን መተው ግን አይገባም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ሰውነትን ግራ ቀኝ ስለሚጥል ሹፌሩ ዝግ እንዲል ይነገረው።

«ገንፎና ቅቤ ይጠግናል»

ቁስል የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፤ በጾም ወቅት ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በየማዕዱ። በረመዳን ወይም በሁዳዴ ቀጠሮ ከመያዝ ጾሙን ማሳለፍ ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃም መድኃኒትም በሰዓቱ ይፈልጋሉ።

«ስፌቱ ከደረቀ ሥራ መጀመር ይቻላል»

ላዩ በ2 ሳምንት ይገጥማል፤ ውስጥ ያለው የጡንቻ ስፌት ግን ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳም። ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ልጅ ማዘል ደግሞ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ማዘያው ራሱ ሆድ ላይ ይታሰራል። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገር፣ ቡና መውቀጥ፣ ልብስ ማጠብ ሁሉም ለሌላ ሰው ይተው። የቢሮ ሥራ በ2 እና 3 ሳምንት ይቻላል። ሶላት ተቀምጦ ይሰገዳል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱም ስግደቱን ያቆዩት።

«ጠባሳ አይተውም፤ ሸንተረሩም ይጠፋል»

ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው፤ በእምብርት ዙሪያም አለ። ከእምብርት በታች ያለው ሸንተረር ከቆዳው ጋር ይወጣል፣ ከላይ ያለው ግን ወደ ታች ወርዶ ይቀራል። የጆሮ ጉትቻ ወይም የክትባት ጠባሳዎ አብጦ የጠነከረ ከሆነ ይህም እንዲያ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ለሐኪሙ ያሳዩት። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ልጥፍ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይደረጋል። እብጠቱ ማታ ማታ ከፍ እያለ ለ3 ወር ያህል ይቆያል፤ ጠባሳው ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ መደብዘዙን ይቀጥላል።