ከአልኮል ሱስ ለማገገም የሚደረግ «ክፍት ስብሰባ» ምንድን ነው?

ከአልኮል ሱስ ማገገም የሚሹ ሰዎች ያቋቋሟቸው የመደጋገፍ ቡድኖች የስብሰባ ፕሮግራማቸውን ሲያወጡ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከቦታው አጠገብ ብዙውን ጊዜ «ክፍት» ወይም «ዝግ» የሚል ምልክት ያሰፍራሉ። ክፍት ስብሰባ የሚባለው ማንኛውም ሰው ገብቶ ሊያዳምጥ የሚችልበት ነው፤ የሚጠጣው ሰው ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛው፣ እህቱ፣ የቅርብ ወዳጁ ወይም ስለ ጉዳዩ ማወቅ የሚፈልግ የጤና ባለሙያ ሊገኝ ይችላል። ዝግ ስብሰባ ግን መጠጥ ላስቸገራቸውና ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ብቻ የተተወ ነው።

«ዝግ» የሚለውን አይቶ «እኔን አያስገቡኝም» ብሎ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። ይህ ስጋት መሠረት የለውም። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ. የሚባለውና በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካዋ አክሮን ከተማ የተመሠረተው ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ደላላ እና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ሰዎች፣ ችግራቸውን እርስ በርስ መነጋገራቸው ከመጠጥ እንዲርቁ እንደረዳቸው ስላዩ ነው። ማኅበሩ እስከ ዛሬ ለአባልነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። የምዝገባ ክፍያም ሆነ የሐኪም ማስረጃ አያስፈልግም፤ «ሱስ ይዞኛል» ብሎ ማመንም ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ማቆም የሚፈልግ ሰው ወደ ሁለቱም መግባት ይችላል፤ ፍላጎቱን ገና እርግጠኛ ሆኖ ያላወቀ ሰው ደግሞ በክፍቱ ቢጀምር ይመረጣል።

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። መሪው አጭር ጽሑፍ አንብቦ ይከፍታል፤ ቀጥሎ አንድ አባል መጠጥ ምን እንዳደረሰበት፣ እንዴት እንዳቆመና አሁን እንዴት እንደሚኖር ይናገራል፤ ወይም ተሰብሳቢዎቹ በየተራ የየራሳቸውን ያካፍላሉ። ተናጋሪው የራሱን ስም ብቻ ይጠራል፤ የአባቱን ስም የሚጠይቀው የለም። ሲናገር ማንም አያቋርጠውም፣ ሲጨርስም ምክር አይዘንብበትም። አዲስ የመጣ ሰው ተራው ሲደርስ «ዛሬ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት» ካለ በቂ ነው። የገንዘብ መዋጮ ሲዞርም ምንም ባይሰጥ ማንም ቅር አይለውም።

በስብሰባው የተሰማው ነገር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሁሉም ይጠየቃል። ሆኖም ይህ በሕግ የሚያስጠይቅ ሳይሆን በአደራ የሚጠበቅ ቃል እንደሆነ መታወቅ አለበት። በክፍት ስብሰባ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ሥራውን ወይም ቤተሰቡን የሚነካ ነገር ሊናገር ያሰበ ሰው ለዝግ ስብሰባ ቢያቆየው ይሻላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የት እንደሚገልጠው መምረጥ የራሱ የባለቤቱ መብት ነው።

ስብሰባ ለማግኘት የቡድኖቹን ድረ ገጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ መመልከት፣ ወይም ሱስ የሚያክም የጤና ተቋም መጠየቅ ይቻላል። የሚወጣው ዝርዝር ሳይታደስ ሊቆይ ስለሚችል ከመሄድ በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ብዙ እንግልት ያስቀራል። ለአዲስ ሰዎች የተዘጋጀ ስብሰባ ካለ እርሱ ይቅደም። ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ መድረስም ይጠቅማል፤ ወንበር የሚደረድሩት አባላት አዲስ ሰው ሲያዩ ሰላም ብለው ያነጋግራሉ። ከቤት መውጣት ለማይችል ሰው በቪዲዮ የሚደረጉ ስብሰባዎች አሉ፤ ካሜራ ዘግቶ ማዳመጥም በብዙዎቹ ይፈቀዳል።

ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት አይደለም። የኤ.ኤ. አባላት ለማገገም የሚከተሏቸው 12 ደረጃዎች እግዚአብሔርን ይጠቅሳሉ፤ ይህም ለአንዳንዱ ብርታት፣ ለሌላው እንቅፋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ስማርት ሪከቨሪ በበኩሉ የሃይማኖት ይዘት የሌለው ሲሆን፣ ከሥነ ልቦና ሕክምና የተወሰዱ ዘዴዎችን ያስተምራል፤ በሠለጠነ አወያይ የሚመራ በመሆኑም ተሳታፊዎች እርስ በርስ ሐሳብ ይለዋወጣሉ። አንዱ ቡድን አልመች ቢል ሌላውን መሞከር ተገቢ ነው፤ በአንድ ስብሰባ ብቻ መፍረድ ለራስ አለማሰብ ይመስለኛል።

የመሄዱ ጥቅም በጥናትም ተፈትሿል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው፣ 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች የመረመረ ግምገማ፣ ሰዎችን ከኤ.ኤ. ጋር በተደራጀ መንገድ የሚያገናኝ ሕክምና ሙሉ በሙሉ መጠጥ በማቆም ረገድ እንደ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ባህሪን በመለወጥ ላይ የሚያተኩር የሥነ ልቦና ሕክምና) ካሉ ሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ደምድሟል።

ነገር ግን ስብሰባ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ መንቀጥቀጥና ማላብ ሊጀምረው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሰውነቱን ሊያንዘፈዝፈውና ራሱን ሊያስተው፣ ከዚያም ሊያቃዠው ይችላል፤ ሕክምና ካላገኘም ለሞት ሊያበቃው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል፤ እስከዚያው ወደ ስብሰባ ከመሄድ ግን የሚከለክለው ነገር የለም።

ቤተሰብስ? ክፍት ስብሰባ ላይ የተገኘች ሚስት ወይም እናት ሱሱ ምን እንደሆነ ከባለታሪኮቹ አንደበት ትሰማለች፤ የራሷን ድካም የምታወራበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው አል-አኖን የጠጪዎችን ቤተሰቦችና ወዳጆች ለብቻቸው ያሰባስባል። ወደዚያ ለመሄድ የሚጠጣው ሰው እስኪያቆም ወይም እስኪፈቅድ መጠበቅ አያስፈልግም።