የስፒከር ገመድ አያያዝ በመኪናና በቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ባለመኪና አዲስ ቴፕ የሚያስገጥመው ሙዚቃ አምሮት ሳይሆን ሬዲዮ አልሰማ ብሎት ነው። ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የገቡት ቪትዝና ኮሮላ ይዘውት የመጡት ሬዲዮ ለአገሩ ስርጭት የተሠራ ሲሆን፣ የጃፓን ኤፍ ኤም ደግሞ ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ቆይቷል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። አንዱ መላ በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ናት፤ 20 ሜጋኸርዝ የምትቀንሰው ዓይነት ሸገርን 82.1 ላይ ታሰማለች። ሌላው መላ ቴፑን አውጥቶ አዲስ መግጠም ነው። የስፒከር ገመድ ነገርም የሚመጣው ያኔ፣ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ የሽቦው ጥቅል ሲዘረገፍ ነው።

ገበያ ላይ ያሉ ቴፖች ስማቸው ቢለያይም የሽቦ ቀለማቸው በአብዛኛው አንድ ነው። ቢጫው ከባትሪ ሳይቋረጥ 12 ቮልት ያገኛል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ፤ ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘው። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ስፒከር ነው። እያንዳንዱ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ጓደኛ አለው፤ እሱ ኔጌቲቩ ነው። ቢጫና ቀዩ ቢቀያየሩ ቴፑ መሥራቱን ይሠራል፤ ሞተር በጠፋ ቁጥር ግን ሰዓቱና የተመዘገቡት ጣቢያዎች ይሰረዛሉ። ከቶዮታ የሚወጡት ሶኬቶች ሁለት ናቸው፦ ባለ 10 እግሩ ኃይሉንና የፊት ስፒከሮችን፣ ባለ 6 እግሩ የኋላዎቹን ይይዛል። ለእነዚህ ልክ የሆነ ተሰኪ እየተሸጠ ሶኬቱን በፒንሳ ቆርጦ ሽቦ ከሽቦ መጠምዘዝና በፕላስተር መጠቅለል እስካሁን አልቀረም። ፕላስተሩ በሙቀት ይላላል፣ መኪናው በመንቀጥቀጡ ሽቦው ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ስፒከር በየጉድጓዱ ብቅ ጥልቅ ማለት ይጀምራል።

ብዙ ቴፕ ያቃጠለው ስህተት ሌላ ነው። በድሮ መኪኖች የስፒከር አንዱ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበት ጊዜ ነበር። የዛሬ ቴፖች ግን በሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ላይ ድምፅ ይልካሉ፤ ስለዚህ የስፒከር ኔጌቲቭ ማሳ አይደለም። ከብረት ጋር ከተነካካ ወይም የሁለት ስፒከሮች ኔጌቲቭ አንድ ላይ ከታሰረ የቴፑ ማጉያ አደጋ ላይ ነው።

የቴፑ ፊት ላይ «4×50 ዋት» የሚለው ጽሑፍም በጥርጣሬ ቢነበብ ይሻላል። ሞተር ተነሥቶ ባትሪው 14.4 ቮልት ሲደርስ፣ 14.4 በራሱ ተባዝቶ ለ4 ኦም፣ ማለትም ለስፒከሩ ተቃውሞ፣ ሲካፈል 52 ዋት ገደማ ይሰጣል። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ያ ግን ድምፁ ሙሉ በሙሉ ሲዛባ ብቻ የሚገኝ ነው። በጠራ ድምፅ፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ከ26 ዋት አያልፍም።

ስፒከር ራሱ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ካስተዋወቁት አሠራር ብዙም አልራቀም፦ በማግኔት መሐል ያለ የሽቦ ጥቅል የስፒከሩን ወረቀት ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚለየውም በዚሁ ነው። የ1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። ከሁለት ስፒከሮች አንዱ ተገልብጦ ቢታሰር ምንም አይቃጠልም፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ግን ባሱ ይጠፋል። «ስፒከሩ ባስ የለውም» ተብሎ አዲስ ከመገዛቱ በፊት የአንዱን ሽቦዎች ገልብጦ ማዳመጥ ወጪ የለውም።

የመኪና ስፒከር በተለምዶ 4 ኦም፣ የቤቱ 8 ኦም ነው። በመልቲሜትር ሲለካ ባለ 4 ኦሙ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 3.5 አካባቢ፣ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። በተከታታይ ሲታሰሩ ኦማቸው ይደመራል፣ በትይዩ ሲታሰሩ ይቀንሳል፦ ሁለት ባለ 4 ኦም በተከታታይ 8፣ በትይዩ 2 ይሆናሉ። አብዛኛው ቴፕ ከ4 በታች እንዲወርድበት አይፈልግም። ሚኒባስ ላይ ከአንድ መስመር ሁለትና ሦስት ስፒከር በትይዩ ሲቀጠል ቴፑ የሚግለውና ድምፅ ሲጨመር የሚጠፋው ለዚህ ነው። ትዊተር (ቀጭን ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ትንሽ ስፒከር) ሲጨመር ደግሞ ካፓሲተሯ አትጣል፤ 4.7 ማይክሮፋራድ ያላት በ4 ኦም ላይ ከ8,500 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ታዳክማለች፤ ያለ እሷ ባሱ ትዊተሩን ይበላዋል።

ሳብዉፈር (የባስ ስፒከር) የሚፈልግ ሰው የውጪ አምፕሊፋየር (ማጉያ) ያስገባል። የኃይል ገመዱ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፤ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጣል። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ተፍቆ ብረት ቢነካ መኪናው እንዳይቃጠል ነው። ማሳው የሚታሰረው ቀለም ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ነው። የኃይሉና የድምፁ ገመድ በመኪናው ተቃራኒ ጎኖች ቢያልፉ፣ ከሞተሩ ጋር እየቀጠነ የሚጮኸው ፉጨት ይቀንሳል። ከቴፑ የሚወጣው ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ሽቦ አምፕሊፋየሩን የሚያነሣና የሚያጠፋ ነው። እሱ ቀርቶ ከቢጫው ከተወሰደ አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን ሲበራ ያድርና ጠዋት መኪናው በግፊ ይነሣል።

ቤት ውስጥ ጭንቀቱ ያነሰ ነው፦ ንዝረት የለም፣ ገመዱ ግን ይረዝማል። 10 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 20 ሜትር ሽቦ ነው። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በዚህ ርዝመት 0.47 ኦም ያህል ይቃወማል፤ 1.5 ካሬ የሆነው ግማሹን። ለ8 ኦም ስፒከር ወፍራሙ ከበቂ በላይ ነው፤ በውድ ዋጋ የሚሸጡ ባለስም ገመዶች ከዚህ የተሻለ የሚሰማ ነገር ሲሰጡ አላየሁም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምን ነው፤ በምላጭ ሲፋቅ ነጭ ያሳያል፣ በዚያው ውፍረት ከመዳብ የበለጠ ይቃወማል። ሲታሰርም ማጉያው ይጥፋ፤ አንዲት ክር ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ብትሻገር ሾርት ናት።

የመኪና ቴፕን ቤት አምጥቶ በአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ማሠራትም ይቻላል። አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁር ጋር ሲያያዝ ፓወር ሰፕላዩ ይነሣል፤ ከቢጫው 12 ቮልት ይገኛል። የቴፑ ቢጫና ቀይ አንድ ላይ እዚያ ይታሰራሉ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ታዲያ ጣቢያዎቹን እንደገና መፈለግ ነው።