ሊኑክስ ላይ ፋይሉን የሚከፍተው ማን ነው?

ፒዲኤፍ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ የፎቶ ማስተካከያ ቢመጣባችሁ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የፎቶ ማስተካከያው ጊምፕ ሲጫን «ፒዲኤፍም እከፍታለሁ» ብሎ ይመዘገባል። የሊብሬኦፊስ መሳያም እንደዚያው። ቅድሚያው የማን እንደሆነ ካልተነገረው ሲስተሙ ከተመዘገቡት አንዱን ይጠራል።

ምዝገባው ያለው ዴስክቶፕ ፋይል በሚባሉት ውስጥ ነው። ትንንሽ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፤ የፕሮግራሙን ስም፣ አይከኑንና የሚከፍታቸውን ዓይነቶች ይይዛሉ። ዓይነቶቹ የሚጠሩት እ.ኤ.አ. በ1992 ለኢሜይል በወጣው ማይም በተባለው ስያሜ ነው። ፒዲኤፍ «አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ» ነው። ፎልደርም የራሱ ስም አለው፣ «አይኖድ/ዳይሬክተሪ»። አንዳንዴ ፎልደር ስትከፍቱ የኮድ መጻፊያ ዘሎ የሚመጣው በዚህ ስም ስለተመዘገበ ነው።

የፋይሉ ዓይነት መጀመሪያ የሚለየው ከስሙ መጨረሻ፣ ከቅጥያው ነው። ቅጥያ ከሌለው የፋይሉ መነሻ ይታያል። ፒዲኤፍ የሚጀምረው በፐርሰንት ምልክትና በራሱ በስሙ ፊደላት ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል።

መቀየሩ ቀላል ነው። ኖም በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ሜኑዎቹን በሚያሳየው ክፍል) ላይ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ክፈት በ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ «ሁልጊዜ» የሚለውን ማብራት ግን እንዳትረሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው፤ አንዴ ይከፈትለትና በማግስቱ ያው የድሮው ይመጣበታል። ሌላው ዴስክቶፕ ኬዲኢ ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ገጽ አለው።

በየትኛውም በኩል ብትቀይሩት ምርጫው የሚጻፈው «ማይምአፕስ ዶት ሊስት» ላይ ነው። ፋይሉ ሆም በሚባለው የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ፣ ኮንፊግ በሚባለው ድብቅ ፎልደር ይገኛል። የሚጻፈውም ዓይነቱ፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ዴስክቶፕ ፋይል ስም። በቃ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2000 ሃቮክ ፔኒንግተን ከመሠረተው ፍሪዴስክቶፕ ከተባለ ፕሮጀክት የመጣ የጋራ ስምምነት ስለሆነ ኖም ላይ የመረጣችሁት ኬዲኢ ላይም ይሠራል። ስሙ በዴስክቶፑ ስም (ለምሳሌ በኖም) የሚጀምር የተለየ ዝርዝር ካለ ግን ቅድሚያው የእሱ ነው።

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) የሚቀናው ሰው «ኤክስዲጂ-ማይም» የሚባል ትእዛዝ አለለት። የፋይሉን ዓይነት ይነግረዋል፣ ማን እንደሚከፍተው ይነግረዋል፣ ካልተስማማውም ይቀይርለታል።

የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ዋይን ሌላ ጣጣ አለው። የራሱን ኖትፓድ ለጽሑፍ ፋይሎች ያስመዘግባል፤ ያውም ቅድሚያ በሚሰጠው በተጠቃሚው በራሱ ፎልደር። ስማቸው «ዋይን-ኤክስቴንሽን» ብሎ የሚጀምረውን ዴስክቶፕ ፋይሎች ከዚያ ብታጠፏቸው የድሮው ይመለሳል።