አነቃቂና ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒትን አብሮ መስጠት ምንድን ነው?

«አንዱ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሌላው ፍሬን ይይዛል። ሁለቱን ለአንድ ልጅ የሚያዝ ሐኪም የሚያደርገውን አያውቅም።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ ሲደግመው አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህን ሰምቶ በዚያው ማታ አንዱን መድኃኒት ሊያቆም ይችላል። የምፈራውም ይህንኑ ነው።

አባባሉ የሚያሳምነው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ አነቃቂዎች ዶፓሚን የሚባለውን በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ያበዛሉ። እንደ ሪስፐሪዶን ያሉ ፀረ-ሳይኮሲሶች ደግሞ መልእክቱን የሚቀበሉትን የዶፓሚን ተቀባዮች ይዘጋሉ። ታዲያ አይከሻሸፉም ወይ? ዶፓሚን አንድ ቦታ ብቻ ቢሠራ ኖሮ አዎ።

ብዙ ክፍል ያለው ቤት አስቡ። በየክፍሉ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ቤቱ አንጎል፣ ድምፁ ዶፓሚን፣ አድማጮቹ ተቀባዮቹ ናቸው። አነቃቂው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ፀረ-ሳይኮሲሱ አድማጮች ጆሮ ላይ ጥጥ ይከታል፣ ግን የሁሉም ጆሮ ላይ አይደለም። ጥጡ በዋናነት የሚገባው ዲ2 የሚባሉት ተቀባዮች ላይ ነው። እነሱ በብዛት ያሉት እንቅስቃሴን በሚመራው በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ነው። ትኩረትን በሚመራው የፊት ክፍል ደግሞ ዲ1 የሚባለው አድማጭ ይበዛል። አነቃቂው እዚያ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ሌላ መልእክት አድራሽም ይጨምራል። አንዱ ክፍል ውስጥ ታፍኖ የቀረው ድምፅ ሌላው ክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሰዓታቸውም አይገጥምም። ለአጭር ጊዜ የሚሠራው ሜቲልፌኒዴት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሠርቶ ያበቃል። አሪፒፕራዞል የሚባለው ሌላ ፀረ-ሳይኮሲስ ግን ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪወርድ ብቻ 75 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ጥጥ የለመደ ጆሮ ደግሞ ለድምፅ ስሱ ይሆናል። ድምፁ ባንዴ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ይደነግጣል። ሜቲልፌኒዴትና ሪስፐሪዶን አብረው ሲወሰዱ የአንዱ ወይም የሁለቱ መጠን ከተቀየረ፣ ካለፈቃድ የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ሊከሰት እንደሚችል የመድኃኒቶቹ ይፋዊ መረጃ ያስጠነቅቃል። ልብ በሉ፣ መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስና ማቆምም መለወጥ ነው።

ሁለቱም ኦቲዝምን ራሱን አያክሙም። በአሜሪካ ሪስፐሪዶን እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሪፒፕራዞል በ2009 የተፈቀዱት ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ለሚታየው ብርቱ ቁጣ፣ ራስን መጉዳትና ጥቃት ነው። አነቃቂው ለቅብጥብጥነትና ለትኩረት ማጣት ይታዘዛል። አንድ ልጅ ሁለቱም ችግር ሊኖርበት ይችላል። ያን ጊዜ ሁለት መድኃኒት ማዘዝ ግራ መጋባት አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት የመጣው ለልጁ ሁለተኛ ችግር ነው ወይስ የመጀመሪያው መድኃኒት ላመጣው ጣጣ? እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ሜቲልፌኒዴት ከወሰዱ 72 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ተሻላቸው። 18 በመቶው ግን በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት አቋረጡ፤ ከምክንያቶቹ ቀዳሚው ብስጭት ነበር። ያን ብስጭት የኦቲዝሙ ነው ብሎ ሪስፐሪዶን መደረብ ቀላል ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። አንድ አባት የ9 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። «ቅብጥብጥነቱ ባሰበት፣ አነቃቂ ይጨመርለት ተባልን» አለኝ። ልጁ ይቀመጣል፣ ወዲያው ይነሳል። በቆመበት ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያመላልሳል። ጭኑን በመዳፉ ያሻሻል። ፊቱ ላይ የጨዋታ ስሜት የለም፤ ጭንቀት ነው ያለው። ሪስፐሪዶኑ ከፍ ካለ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ይህ አካቲሲያ ይባላል፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው ውስጣዊ መቁነጥነጥ ነው። ሐኪሙን አነጋገርኩት፣ መጠኑ ተቀነሰ፣ ልጁም ረጋ። አነቃቂ አላስፈለገውም።

«አነቃቂው ምግብ ያስጠላል፣ ፀረ-ሳይኮሲሱ ያስርባል፣ ስለዚህ ኪሎው ይመጣጠናል» የሚሉም አሉ። ኪሎው ቢመጣጠንም የደም ስኳርና የደም ቅባት ይለካ። ቁመት፣ የደም ግፊትና የልብ ምትም እንዲሁ። ፋርማሲስት ነኝና ያልተጠየቅኩትን ልጨምር፦ ለድብርትና ለጭንቀት የሚታዘዘው ፍሉኦክሴቲን ሦስተኛ ሆኖ ከገባ ሪስፐሪዶንንም አሪፒፕራዞልንም ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ደግሞ መናገር የማይችል ልጅ ድንገት ራሱን መምታት ከጀመረ ከማንኛውም ክኒን በፊት ጥርሱ፣ ጆሮውና ሆዱ ይታይ። የሆድ ድርቀት ብቻ ስንቱን ልጅ ያስጮሃል!

ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ አንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መለወጥ፣ መልሶ እስኪታይ መጠበቅ፣ ሰዓቱን መጻፍ። አንዲት እናት ደብተሯን ከፍታ አሳየችኝ። ልጇ የሚበሳጨው በየቀኑ የአነቃቂውን ክኒን ከወሰደ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። እሷ ፀረ-ሳይኮሲሱ አነሰው ብላ ነበር። ደብተሩ የሚለው ግን አነቃቂው የሚያልቅበትን ሰዓት ነው። የተቀየረውም የአነቃቂው ዓይነት ሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው።